አራሚ ያጣ ድርሰት

በአገራችን ልብ ወለድ የጻፈ ወጣት ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ለማሳተም ስንት ይፈጃል?» የሚል ነው። «ድርሰቴ ለመታተም ደርሷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚህ ሐሙሲት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው የሚመጡት ደግሞ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ የግብርና ሠራተኛውም፣ የባጃጅ ነጂውም፣ ጸጉር አስተካካዩም የጻፈውን ይዞ መጥቷል። ይኽ የሚያስደስት ነገር ነው። አገሩ ጸሐፊ አላጣም። ያጣው አራሚ ነው፤ ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁትም ስለዚሁ ነገር ነው።

በሌላው ዓለም አሳታሚ የሚባለው ሰው የራሱን ገንዘብ አውጥቶ የሌላውን ሰው ድርሰት ለገበያ የሚያበቃ ነጋዴ ነው። ገንዘቡ የራሱ ስለ ሆነ ከማሳተሙ በፊት ያነብባል፤ ካላማረው «አይሆንም» ብሎ ይመልሳል፤ ካማረውም አርታዒ መድቦ ከደራሲው ጋር እያሟገተ ያሳርመዋል። በእኛ አገር እንዲህ ያሉ አሳታሚዎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ የብዙው ጀማሪ ዕጣ ከራሱ ኪስ ከፍሎ ማሳተም ነው። ማተሚያ ቤት ደግሞ አሳታሚ አይደለም። ማተሚያ ቤት የሚመለከተው የገጹን ብዛት፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ የሽፋኑን ቀለምና ቀብዱን ነው። የሰጣችሁትን ያትማል፤ ሥራውም ይኸው ስለ ሆነ ሊወቀስ አይገባውም። እንግዲህ ከጸሐፊው ጠረጴዛ እስከ መጻሕፍት መደብሩ ድረስ በመንገዱ ላይ ቆሞ «ቆይ እስቲ፣ ይኽች ነገር እንዴት ናት?» የሚል አንድም ሰው የለም ማለት ነው።

ይኽ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚሁ በደቡብ ጎንደር በአንዲት የገጠር ከተማ የማውቀው ወጣት ሁለት ዓመት ደክሞ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጻፈ። አባቱ ልጃቸውን የሚወዱ ሰው ናቸውና ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠው ገንዘቡን ሰጡት። መጽሐፉም አንድ ሺህ ቅጂ ታተመ። ሽፋኑ ያማረ ነው። ዳሩ ግን በሦስተኛው ምዕራፍ ሞታ የተቀበረችው አክስት በሰባተኛው ምዕራፍ ከሠርግ ቤት ስታጨበጭብ ትገኛለች፤ የጀግናው ስም እንደ ፊደሉ ለቃሚ ፈቃድ ይለዋወጣል፤ አንዱም ገጽ ሁለት ጊዜ ታትሟል። መጻሕፍት ሻጮች ጥቂት ጥቂት ወሰዱ። የቀረው በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ከጎተራው ጎን ተቀምጧል። እኔ ግን መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በውስጡ ስለ ወፍጮ ቤት ወረፋ የተጻፉ አራት ገጾች አሉ፤ እህል የተሸከመች ሴት ተራዋን ለነፍሰ ጡር ስትለቅ፣ ወፍጮው ሲጠፋና ዝምታው ሲወርድ፣ ነጭ የሆነው የባለ ወፍጮው ቅንድብ ሳይቀር የሚታይበት ጽሑፍ ነው። ስም ካላቸው ደራስያን ሁሉ እንዲህ ያለ ገጽ አይገኝም። ልጁ ተሰጥኦ አላነሰውም። የጎደለው አክስቲቱ መሞቷን የሚያስታውስለት አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባትየው ዛሬ የሚያርሱት ከጎረቤታቸው በሬ ጋር በመቀናጆ ነው። ገበሬ የሆነ አንባቢ ይኽ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ ለከተሜው ለማስረዳት ያህል፣ ዝናሙ ሲጥልና መሬቱ ሲርስ የራስን ማሳ እያዩ ተራ መጠበቅ ማለት ነው።

ለመሆኑ አራሚን እንዲህ የሸሸነው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ታሪካችን ይመስለኛል። ለብዙ ዘመን በሰው ድርሰት ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሣው ሳንሱር ነበር። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን ጽሑፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት ይመረመር ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ራሱም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ነው። ይኽን ታሪክ የሰማ ወጣት ድርሰቱን የሚሰርዝበትን ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ቢያይ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሳንሱሩ ይሰርዝ የነበረው ለሹሙ ሲል ነው፤ አርታዒ የሚሰርዘው ለአንባቢው ሲል ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ሐኪምንና ወንበዴን፣ ሁለቱም ስለት ይይዛሉና አንድ ናቸው እንደ ማለት ይሆናል።

ከዚህም በቀር አራሚን መፍራት ለእኛ ለዚህ አገር ሰዎች የባሰ የሚያስገርም ነው፤ አያቶቻችን ያለ አራሚ አንድ ቤት ቅኔ ከደጅ አላወጡምና። የቅኔ ተማሪ ቀን ደበሎውን ደርቦ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ምስጢሩ ካልሞላ፣ ሙያው ከተፋለሰ ወይም ቤቱ ካልመታ ዝም አይሉም። ተማሪውም አኩርፎ ወደ ማተሚያ ቤት አይሮጥም፤ በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። መጀመሪያ የሚቆጥረውም ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚደርሰው ብዙ ከተራመደ በኋላ ነው። ከደቡብ ጎንደር ሳንወጣ፣ ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በሌላ ደብር ድጓን የዘለቀ ሰው እንኳ ከዚያ ወርዶ ያስመሰክራል። የዛሬው ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን በመወድስ ይጀምራል። አራት መቶ ገጽ ሳይሞላ እጁን አያነሣም። እኔ ለሚጠይቁኝ ሁሉ «እስቲ መጀመሪያ ጉባኤ ቃናውን ጻፉ» እላለሁ፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰዎች፣ ስድስት ወይም ሰባት ገጽ። አጭር ልብ ወለድ መደበቂያ ስለሌለው ጥሩ አስተማሪ ነው።

የታላላቆቹም መንገድ ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ ጣና ነው፤ ከሐይቁ በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ዘጌ አለች። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት እዚያ ነው። መጽሐፋቸው በ1900 ዓ.ም. በሮም ሲታተም «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባል ነበር፤ ዛሬ የዚህ ዓይነቱን ድርሰት ሁሉ የምንጠራበት ቃል ከዚያው የመጣ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር፤ ከዚያ በፊት በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አውጥተዋል። ከተረት ጀምረው ነው ወደ ትልቁ የወጡት። በዓሉ ግርማም በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር»ን ከማሳተሙ በፊት የመጽሔት ሰው ነበር፤ «መነን»ንና «አዲስ ሪፖርተር»ን አዘጋጅቷል። በየሳምንቱ ቦታ ለመቆጠብ የሰውንም የራሱንም ጽሑፍ ሲቆርጥ የኖረ እጅ ልብ ወለድ ሲጽፍ አይንዛዛም። ስለ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ከአንባቢ እጅ ወደ አንባቢ እጅ ለብዙ ዓመታት በረቂቁ ሲዞር መኖሩን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ያ የሆነው በግድ ነበር፤ የሆነ ሆኖ መጽሐፍ ሳይሆን በፊት ያን ያህል አንባቢ ያገኘ ድርሰት ስንት አለን?

አሁን እስቲ አራሚ የሚሠራውን ሥራ በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ አንድ አጭር ልብ ወለድ አመጣችልኝ። ታሪኩ የሚፈጸመው አዲስ አበባ በአንድ ቪላ ውስጥ ነው። ባለ ታሪኳ ውስኪ ትጠጣለች፣ መኪና ትነዳለች፣ በመጨረሻም በፍቅር ምክንያት መርዝ ትጠጣለች። ተማሪዬ አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። «ለመሆኑ ውስኪ ጣዕሙ ምን ይመስላል?» ብላት ሳቀች። «እናትሽስ ሐሙስ ሐሙስ ምን ትሠራለች?» አልኋት። «ገበያ ነዋ፣ መምህር!» አለችኝ፤ ስሟን ከሐሙስ ገበያ ባገኘች ከተማ ውስጥ እየኖርሁ ይኽን መጠየቄ እየገረማት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጽሑፍ ይዛ መጣች። አንዲት ሴት ዶሮዋን ልትሸጥ ገበያ ትወጣለች። በመጀመሪያው ቅጂ እንዲህ የሚል ነበረበት፤ «ሴትዮዋ በጣም ድሃ ነበረች። ድህነቷም የሰውን ልብ ያሳዝን ነበር። ለልጇም ከፍተኛ ፍቅር ነበራት።» ሰዋስዉ አልተበላሸም። ነገር ግን አንባቢው ከዚህ ውስጥ ምን አየ? እኔም እየሰረዝሁ ሳይሆን እየጠየቅሁ ነበር ያነበብሁላት። ዶሮዋን እንዴት ነው የያዘቻት? ከየት ተነሥታ መጣች? ገዢው ቀርቦ መጀመሪያ ምን አላት? ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ሄደች። ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ለጥያቄዎቼ ሁሉ መልስ ልስጥ ብላ የሴትዮዋን ልብስ ብቻ ግማሽ ገጽ ጻፈች። በሦስተኛው ቅጂ ግን ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ጠፍተዋል፤ ግማሹ ገጽም ጠፍቷል። በእነርሱ ፈንታ አንድ ገዢ ቀርቦ የዶሮዋን ደረት በጣቱ ይዳብስና «ትጥላለች?» ብሎ ይጠይቃል። ሴትዮዋም «የትናንቱን ልጄ በልታው ነው ትምህርት ቤት የሄደችው» ብላ ትመልስለታለች።

ድህነቱም፣ ፍቅሩም፣ ዶሮዋ ከተሸጠች በኋላ ከነገው ቁርስ ምን እንደሚጎድልም በዚያች መልስ ውስጥ ገብቷል። ያችን መልስ ያገኘችው ልጅቱ ናት፤ እኔ በአሥር ዓመትም አላገኛት። የኔ ድርሻ መጠየቅ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ላይ እንኳ አልተስማማንም። ሴትዮዋ ማታ እንደ ልማዷ ለዶሮዋ ጥሬ ልትበትን ወደ ደጅ ትወጣለች፤ እኔ ታሪኩ እዚያ ላይ ይቁም አልሁ፤ ተማሪዬ ግን ሴትዮዋ ጥሬዋን መልሳ ወደ ቁናው ስትጨምራት ካልታየ አይሆንም አለች። ተውሁላት። ድርሰቱ የእርሷ ነው፤ አራሚ ይህንንም ማወቅ አለበት።

«እኛስ አራሚ ከየት እናምጣ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በመጀመሪያ ጆሮ አላችሁ። አማርኛ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የቀረበ ቋንቋ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው ሰምተው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ያወቁ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ስንት ናቸው! ስለዚህ ድርሰታችሁን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ትንፋሽ የሚያሳጥራችሁ ዓረፍተ ነገር አንባቢውንም ያንቀዋል። ሰዎቻችሁ ሲነጋገሩ ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ የሚያወሩ ከሆነ ጆሮ ወዲያው ያስታውቃል፤ የደራ ባላገር በቤቱ ውስጥ «ሁኔታዎችን ከግምት በማስገባት» አይልም። ቀጥሎ ደግሞ ለሌላ ሰው አንብቡ። እኔ የማነበው በቡና ሰዓት ለአከራዬ ነው። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ሴት ናቸው፤ ሐሳባቸውን በይሉኝታ አይነግሩኝም፤ ነገር ግን ታሪኩ ሲይዛቸው ሲኒውን እንደ ያዙ ይቀራሉ፤ ሲሰለቻቸው ፍሙን መቆስቆስ ይጀምራሉ። እኔም ፍሙ በተቆሰቆሰበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ሦስተኛው አራሚ ክፉ አንባቢ ነው፤ ማለቴ የማያዝንላችሁ አንባቢ። ጓደኛችሁን «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። «የት ላይ ሰለቸህ? ማንን አላመንኸውም?» በሉት። ምክር በመጽሐፍ የሚሻ ካለም ዳኛቸው ወርቁ በ1977 ዓ.ም. ያወጣውን «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» እና የዘሪሁን አስፋውን «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ፈልጎ ያንብብ።

ይኽ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው የአሳታሚ ነገር የሚመጣው። ለአሳታሚ የሚላክ ረቂቅ ሠርግ ቤት እንደሚሄድ ሰው ነው፤ የታጠበ መሆን አለበት። በኮምፒዩተር ይተየብ፤ የፊደሉ ዓይነት አንድ ይሁን፤ በመስመሮቹ መካከል ለእርማት የሚሆን ክፍት ቦታ ይኑር፤ ገጹ ሁሉ ቁጥር ይኑረው። ጽሑፉ በዩኒኮድ የተተየበ መሆኑን አረጋግጡ፤ በቀድሞዎቹ የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ከሆነ በሌላው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የአጋንንት ቋንቋ ሆኖ ይገኛል። ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚደረገውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተውና፣ እናንተ የመረጣችሁትን ይዛችሁ ጽኑ፤ «ፀሐይ» በአንድ ገጽ በጸሎቱ «ጸ»፣ በሌላው በፀሐዩ «ፀ» አይጻፍ። ከረቂቁ ጋር ታሪኩን ከነመጨረሻው በአንድ ገጽ የሚናገር ማጠቃለያ አብራችሁ ላኩ። ብዙ ጀማሪ «መጨረሻውን ከነገርሁትማ ምን ያጓጓዋል?» እያለ ይደብቃል። አሳታሚ ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ታሪኩ የት እንደሚያርፍ ማወቅ የሚሻ ነጋዴ ነው። ስለ ራሳችሁ አራት መስመር ይበቃል። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሥነ ጽሑፍ ፍቅር አድሮብኝ» የሚለው ከሁሉም ደብዳቤ ላይ ስላለ ቢቀር አይጎዳችሁም። ዋናውን ቅጂ ደግሞ ከቤታችሁ አታውጡት፤ የላካችሁት ቅጂ ይሁን።

«ድርሰቴን ቢሰርቁኝስ?» የሚል ሥጋት በየጊዜው እሰማለሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት የድርሰት መብት የሚጀምረው ድርሰቱ ከተፈጠረበት ጊዜ ነው፤ የደራሲው ሀብትነቱም በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ድረስ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ረቂቁን ማን እንዳያችሁበት፣ መቼ እንደ ላካችሁ፣ ለማን እንደ ሰጣችሁ ጽፋችሁ ያዙ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ጀማሪን የሚጎዳው ስርቆት ሳይሆን የቃል ስምምነት ነው። ስንት ቅጂ ይታተማል፣ ወጪው የማን ነው፣ ሒሳቡ የሚተሳሰበው በስንት ወሩ ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ቢታተም የማን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያልተሸጠው ለማን ይመለሳል የሚለው ሁሉ በወረቀት ይስፈር፤ ምስክርም ይፈርምበት። በሬ ስንገዛ እንኳ ምስክር እንቆጥራለን አይደለምን?

ከዚያ በኋላ ጥበቃ ነው። መልሱ ሳምንትም ይፈጃል፣ ወራትም ይፈጃል፤ ጨርሶ የማይመጣበትም ጊዜ አለ። «አይሆንም» የሚል ደብዳቤ ከነምክንያቱ የደረሰው ሰው ካለ ወረቀቱን አይቅደደው፤ በነፃ የተገኘ አራሚ ነውና ደጋግሞ ያንብበው። የተማሪዬን የዶሮ ታሪክ ለአንድ መጽሔት ልከነዋል፤ መልሱ ገና ነው። እርሷ ግን ከትናንት በስቲያ ስለ ባጃጅ ነጂው ወንድሟ አምስት ገጽ ጽፋ መጥታለች። የመጀመሪያው ገጽ ፍሙን ያስቆሰቁሳል፤ ሦስተኛውን ገጽ ግን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።